የእትዬ የሺ ያረረ ቆሎ

በቅርቡ ከደሴ ወደ ወልዲያ ስጓዝ ሚኒባሱ ሐይቅ ላይ ተሳፋሪ ሊያወርድ ቆመ። ወዲያው ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ወረሩት። አንዷ ልጅ በወረቀት የጠቀለለችውን ገብስ አፍንጫዬ ሥር አስጠግታ «ትኩስ ነው እትዬ፣ አሁን የተቆላ!» አለችኝ። ትኩስነቱስ ትኩስ ነበር፤ ግን አርሯል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «ኧረ ተዪው እህቴ፣ ከሰል ልትሸጥልሽ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ ሁለት ጥቅል ገዛሁ። ሰውዬው ጤንነቴን የተጠራጠረ መሰለኝ፤ እስከ ውጫሌ ድረስ አንድ በአንድ ስቆረጥም በጎን በጎን እያየኝ ሄደ።

ያን ሽታ የማውቀው አሥር ዓመት ከሞላኝ ጊዜ ጀምሮ ነው። እናቴ ለሥራ ጅዳ የሄደችው ያን ዓመት ነበር። እኔን ከአምባሰል ገጠር አውርዳ ሐይቅ፣ ከታላቅ እህቷ ከመዲና ዘንድ አስቀመጠችኝ። «ትንሽ ጊዜ ነው ዘይንዬ፣ አብሽሪ» ብላኝ ስለነበር ስትሄድ አላለቀስሁም። ማልቀስ የጀመርሁት የአክስቴን ቤት ኑሮ ካየሁ በኋላ ነው።

አክስቴ መዲና በረንዳዋ ላይ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና አሮጌ ልብስ እየጠገነች የምትኖር ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም። ቁጠባዋ የሰፈር ወሬ ነበር። ሳሙና ተገዝቶ ሲመጣ በክር አራት ቦታ ትከፍለውና ሦስቱን ቆርቆሮው ሥር ታደርቀዋለች፤ የደረቀ ሳሙና ቶሎ አያልቅማ። የዘይት ጀሪካን ሲያልቅ ተዘቅዝቆ አንድ ሙሉ ቀን ይንጠባጠባል፤ ከዚያ ለሁለት ተቆርጦ መታጠቢያ ይሆናል። ፌስታል አይጣልም፤ ታጥቦ ከልብስ ጋር ገመድ ላይ ይሰጣል። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲነሣ ያ ሁሉ ፌስታል እየተነፋ ሲንኮሻኮሽ የሰፈር ልጆች «የመዲና ባንዲራ ተሰቀለ!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ለኢድ የለበስሁት አዲስ ቀሚስ ደግሞ ከመጋረጃ የተሰፋ ነው። እንግዳ ሁሉ ገብቶ አንዴ እኔን፣ አንዴ መስኮቱን ያያል።

ሻይ ስንጠጣ ለኔ ስኳር ታደርግልኛለች፤ የራሷን ባዶውን ትጠጣለች። ለምን ስላት «አልወድም፣ ያቅለሸልሸኛል» ትለኛለች። ስኳር የማይወድ ሰው በዓለም ላይ መኖሩ ገርሞኝ ለክፍል ልጆች ሁሉ አውርቻለሁ። እንዲያውም አንዷ ልጅ ሐኪም ይያት ብላኛለች።

ሐሙስ ሐሙስ ግን ይህችው ሴት ሌላ ሰው ትሆናለች። በጧት ተነሥታ ነጠላዋን ትጥልና እኔን አስከትላ ከአጥራችን ቀጥሎ ካሉት ከእትዬ የሺ ቤት ትሄዳለች። ሦስት ጣሳ ቆሎ ትገዛለች። ዋጋ ስንት ነው አትል፣ ሒሳቡን ከፍላ «እጅሽ ይባረክ የሽዬ!» ብላ ትወጣለች።

እትዬ የሺ ብቻቸውን የሚኖሩ ክርስቲያን ሴት ናቸው። ኑሯቸው በቆሎ ነው፤ ገበያ አያወጡትም፣ ፈላጊ እቤታቸው ሄዶ ይገዛል። ከአምባሰል ተራራ ላይ ያለ ወንድማቸው በዓመት በዓመቱ እየመጣ «ነይ ከኔ ጋር ኑሪ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም «እጄ እስኪሰንፍ ከቤቴ አልወጣም! የሰው እጅ እያየሁ ከመኖር ሞቴን እመርጣለሁ» ብለው ይመልሱታል። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ነበር። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ አፉን ሞልቶ የሚናገር ግን አልነበረም። እሳቸውም ደህና እንደሚያዩ ሆነው ነው የሚኖሩት። «ዛሬ ቀሚስሽ አምሮብሻል» ይሉኛል። የለበስሁት ክርኑ ያለቀ ሹራብና ሱሪ ነው።

ቆሎው እንግዲህ ምን ልበላችሁ። ግማሹ ያረረ፣ ግማሹ ጥሬ፤ ጠጠሩ ደግሞ ከገብሱ ጋር የተቀላቀለ ሳይሆን ገብሱ ከጠጠሩ ጋር የተቀላቀለ ነው የሚመስለው። አንድ የመንጋጋ ጥርሴን የሸረፈኝ እሱ ነው። አክስቴ ቤት ስንደርስ በሰሃን ዘርግታ ደህና ደህናውን ትለቅምና አንድ እፍኝ እንኳ የማይሞላ ይወጣታል። የቀረውን «በይ ለዶሮዎቹ በትኚላቸው» ትለኛለች። ሦስት ዶሮዎች ነበሩን። እንደነሱ ሐሙስን የሚወድ ፍጡር አላየሁም።

እኔ ያኔም አፌም ሐሳቤም አያርፍም። ለሳሙና የምትሳሳ ሴት ለዶሮ ቆሎ የምትገዛበትን ምክንያት ሌት ተቀን ሳወጣ ሳወርድ፣ አንድ ነገር ላይ ደረስሁ፤ እትዬ የሺ አክስቴን ያታልሏታል። ሞኝ ሆና ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ገንዘቡ የእናቴ ነው ብዬ ማሰቤ ነበር። እናቴ ዓርብ ዓርብ ጎረቤት ስልክ ላይ ትደውላለች፤ ድምጿ ከሩቅ እየመጣ «ወገቤን ነው የሚያመኝ እንጂ ደህና ነኝ» ትላለች። ስልኩን ዘግቼ ስወጣ ዶሮዎቹን አያለሁ። ወላሂ፣ እየወፈሩ ነበር። የእናቴን ወገብ የሚበሉት እነሱ ናቸው ብዬ በድንጋይ አባርራቸዋለሁ።

አንድ ሐሙስ አክስቴን ጉንፋን ጣላት። ገንዘቡን በመሐረቤ ጫፍ ቋጥራ «ከየሽዬ ሦስቱን ጣሳ ተቀብለሽ ነይ፤ እንዳመመኝ ንገሪያትና እጅሽ ይባረክ ብላለች በያት» ብላ ላከችኝ። እኔ በእትዬ የሺ በር ሳላልፍ በኋላ በኩል ዞሬ ገበያ ወጣሁ።

የገበያው ቆሎ ነጭ ነው፣ አብጧል፣ ሱፍና ሽምብራ ገብቶበታል። በዚያው ገንዘብ አምስት ጣሳ ሰፈሩልኝ። አምስት! በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። ለእናቴ በስልክ ምን ብዬ እንደምነግራት እያሰብሁ፣ ፌስታሉን ደረቴ ላይ አቅፌ ስመለስ ኩራቴ መንገዱን አስረሳኝና በእትዬ የሺ ደጃፍ መጣሁ። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሦስቱ ጣሳ ተሰፍሮ በጨርቅ ተሸፍኖ እግራቸው ሥር ነው።

«ዘይንዬ ነሽ? አረማመድሽን አውቀዋለሁ። ምነው ቆየሽ? መዲናስ?»

«አሟታል እትዬ የሺ። ዛሬ አንወስድም። ከገበያ ገዝቻለሁ።»

«ከገበያ?» ፈገግ እንዳሉ ነበሩ፤ ቀልድ መስሏቸዋል። «የኔው ምን ሆኖ?»

ስንት ነገር ማለት እችል ነበር! ያለቀ መስሎን፣ አክስቴ ሽምብራ አምሯት፣ ምንም። እኔ ግን እውነተኛ ልጅ ነኝ፤ እንዲያውም ውለታ የምሠራ መስሎኛል።

«የእርስዎንማ ዶሮዎቻችን ናቸው የሚበሉት።»

እጃቸው በጣሳው ላይ ቀረ።

«ዶሮዎቹ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ «ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ» አልሁ።

ተነሡ፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ገቡና በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት። እኔ ፊት ግድግዳ ሲዳብሱ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ሁልጊዜ ደህና እንደሚያይ ሰው ቀጥ ብለው ነበር የሚገቡት። ጣሳዎቹ ውጪ ቀሩ።

ቤት ገብቼ አምስቱን ጣሳ ቆሎ አክስቴ አልጋ ላይ ዘረገፍሁት። ከየት እንዳመጣሁት ነገርኋት። የዶሮዎቹን ነገር ደግሞ እንደ ቀልድ ጨመርሁላት፤ ትስቃለች ብዬ። ጋቢዋን ጥላ ተነሣች። ብትመታኝ በወደድሁ።

«አንቺ ልጅ ምን አደረግሽኝ! ያ ረቢ፣ ምን አደረግሽኝ!»

«ያታልሉሻል እኮ አክስቴ…»

«ማን ነው የሚያታልለኝ? እኔ አላይም? ምላስ የለኝም? እሷ ሰጥተዋት የምትቀበል ሴት መሰለችሽ? አንድ ጊዜ ዱቄት ይዤላት ብሄድ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሳችኝ! ሸጣ ግን ትቀበላለች። ከቤቷ ሄጄ ስገዛት ነጋዴ ናት፣ ቀና ብላ ነው የምትሰጠኝ። ሰደቃዬ ናት፣ ገባሽ? እሷ እንዳታውቅ ብዬ ነው እንጂ ቆሎ ጠፍቶ ነው?»

«በእናቴ ገንዘብ?» አልሁ።

ቆማ አየችኝ። «የእናትሽን ገንዘብ ማን ነካው? ሳጥን ውስጥ ነው፣ ስትመጣ ቆጥራ ትረከበዋለች። ይኼ የኔ ስኳር ነው። የኔ ሳሙና፣ የኔ ላምባ ነው።»

«ስኳር አልወድም ብለሽኝ…»

«ዝም በይ!» አለችኝና ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች።

እኔም አለቀስሁ። ያኔ ያለቀስሁት ስለ ተቆጣችኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ስለ ስኳሩ ነው። ስንት ብርጭቆ ሻይ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ባዶውን ስትጠጣ፣ እኔ ለትምህርት ቤት ልጆች እንደ ጉድ ሳወራባት!

ከነጉንፋኗ ወጣችና የእትዬ የሺን በር አንኳኳች። «የሽዬ፣ ክፈቺልኝ። ልጅ ናት፣ አታውቅም።»

ከውስጥ ድምፃቸው መጣ። ቁጣ የለበትም፤ ቢኖርበት ይሻል ነበር። «ልጅቷ ምን አጠፋች? አንቺ ነሽ እንጂ። "እጅሽ ይባረክ" እያልሽ ስትመጪ፣ እኔም እውነት መስሎኝ እጄን ስስም። ለካ ለዶሮ ነው የምቆላው።»

«በአላህ ይሁንብሽ የሽዬ፣ ክፈቺው።»

«ሂጂ መዲና፣ ተኚ፤ ያምሻል አሉ። ለወንድሜ ሰው እልክለታለሁ። የሚመጣው ሐሙስ መጥቶ ይወስደኛል።»

ያ ሳምንት አላልቅ አለኝ። የገበያውን ቆሎ ማንም አልነካውም። በፌስታሉ እንዳለ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። አክስቴ አልቆጣችኝም፣ አላናገረችኝምም፤ ስፌት መኪናዋን ብቻ ትረግጣለች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ የሺ በር ላይ እቀመጣለሁ። «እትዬ የሺ፣ ይቅርታ» እላለሁ በቀዳዳው። «እሺ» ይሉኛል። «አይሂዱ» እላለሁ። ያኔ ከበሩ ሲርቁ ይሰማኛል። እንደ ሕፃን ልጅ ሐሳቤ፣ ወንድማቸው ቤት ገደል ጫፍ ላይ ያለ፣ ለዓይነ ስውር መንገድ የሌለው ቤት ነበር። እትዬ የሺ እዚያ ከሄዱ ከአንድ ጥግ ላይ ተቀምጠው፣ ሰው ሲያጎርሳቸው አፋቸውን እየከፈቱ እንደሚኖሩ ይታየኝና እንቅልፍ አጣለሁ። ወንድምየው ክፉ ይሁን ደግ አላውቅም ነበር። እኔ ነኝ የላክኋቸው፤ ያን ነው የማውቀው።

ከሰኞ ጀምሮ ግን ከእትዬ የሺ ቤት ጭስ መውጣት ጀመረ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። ገብስ ሲፈነዳ ይሰማል፤ ከዚያ ፀጥ ይላል። ረቡዕ ዕለት አክስቴ የስፌት መኪናዋን አቁማ አፍንጫዋን ወደ አጥሩ አቀናች። «እየቆላች ነው» አለች። ሽታው የለመድነው አልነበረም፤ የምናውቀው ያረረው ነው። ይኼ ጣፋጭ ሽታ ነው። ለመንገድ ስንቅ የሚቆሉ መሰለን።

ሐሙስ ወንድምየው በቅሎ ይዞ መጣ። ረዥም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሳጥኑንና ፍራሹን ጭኖ በገመድ ሲያስር በአጥር ቀዳዳ አየሁት። ከዚያ በራችን ተንኳኳ። እትዬ የሺ ናቸው። ወንድማቸው ክንዳቸውን ይዟቸዋል፤ እሳቸው አንድ ጣሳ ቆሎ በጨርቅ ሸፍነው ይዘዋል።

«ግቢ የሽዬ፣ አረፍ በይ» አለች አክስቴ፣ መቀመጫ እየጎተተች።

«ልቀመጥ አልመጣሁም። ይኼን ሦስት ቀን በጣቴ ለቀምሁት። ዓይኔ አያይም፤ እንደማያይም ታውቂያለሽ፤ መደበቁን ትቼዋለሁ። የቆላሁትም በጆሮዬ ነው። ሲፈነዳ እሰማዋለሁ፣ ዝም ሲል አወርደዋለሁ። ሁለት ቀን ቆልቼ አበላሸሁ፣ ይኼ የሦስተኛው ቀን ነው። የሚሸጥ ከሆነ እኖርበታለሁ። የሚጣል ከሆነ በቅሎው ተጭኗል።»

አክስቴ ዘግና አፏ ውስጥ ጨመረችና ሳታላምጠው «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ቆሎ በሕይወቴ…» ማለት ጀመረች።

«አንቺን አልጠየቅሁም» አሏት እትዬ የሺ። «አንቺማ ስንት ዘመን ዋሸሽኝ። ከዚህ ሰፈር እውነቱን የነገረችኝ አንዲት ልጅ ናት። ዘይንዬ፣ የት ነሽ? ነይ ቅመሺ።»

ጣሳውን ወደኔ ዘረጉት። ወንድምየው አየኝ። አክስቴ ከኋላቸው ቆማ በዓይኗ ለመነችኝ፤ ምን እንድል እንደምትፈልግ ማንም አይስተውም። እኔም የምፈልገው እሱኑ ነበር። አንዲት ቃል ብናገር ይቀራሉ።

እፍኝ ሙሉ ወሰድሁና ቀስ ብዬ አላመጥሁ። ገብሱ አላረረም። ጥሬም የለውም። ከዚያ ጥርሴ ሥር አንድ ነገር ቀጨጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ። ሁለቱን በጣቴ አውጥቼ ያዝሁ። እንባዬ መጣ።

«በይ እንጂ» አሉኝ።

«አላረረም እትዬ የሺ። ይጣፍጣል። ግን ጠጠር አለው።»

አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«ስንት?»

«ሁለት። ከአንድ እፍኝ።»

«በፊትስ ስንት ነበር?»

«በፊትማ አይቆጠርም ነበር።»

ወንድምየው ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ የእትዬ የሺ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ሞትሁ፤ ለካ ሳቅ ነው። «አይቆጠርም ነበር! ሰማህ ወይ ወንድሜ? አይቆጠርም ነበር፣ ዛሬ ሁለት ብቻ!» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «በል ጭነቱን አውርድ።»

«እህቴ፣ ይኼን ሁሉ መንገድ…»

«አውርድ አልሁህ። የሚቀረውን ጠጠር ይቺው ትለቅመዋለች፤ ዓይን አላት፣ ሐሰት የላትም። በነጻ አይደለም! በየሐሙሱ አንድ እፍኝ ቆሎ ደሞዝሽ ነው ዘይንዬ፤ ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ» አልሁ። አክስቴ ወደ ጣሳው መጣች። አሁን በደንብ ዘግና ቀመሰችና በእውነት አላመጠችው። ፊቷ ላይ መገረም አየሁ። ከእትዬ የሺ ስትገዛ ከንፈሯ ላይ ሁልጊዜ የማየው ያ የምስጋና ፈገግታ ጠፍቶ፣ ከገበያ ሽንኩርት ሻጮች ጋር ስትቆም የምታሳየው ፊት መጣ።

«ስንት ነው ጣሳው?» አለች።

እትዬ የሺ ዋጋውን ተናገሩ። ከወትሮው ጨምረዋል።

«ምን! ኧረ አላህን ፍሪ አንቺ ሴት፣ ለገብስ?» አለች አክስቴ። «ገበያው እኮ ያውና፣ አምስት ጣሳ ይሰጡኛል።»

ወንድምየው ደነገጠ፤ የሚጣሉ መስሎታል። እትዬ የሺ ግን ወገባቸውን ያዙ። እዚያ ሰፈር በኖርሁበት ጊዜ ሁሉ እንደዚያ ቀጥ ብለው ቆመው አይቻቸው አላውቅም።

«እንግዲያው ገበያሽ ውጪ! እኔ የጨረስሁትን ጣት ማን ሊከፍለኝ ነው?»

«ትንሽ ቀንሺ የሽዬ፣ ጎረቤት አይደለሁም?»

«ጎረቤትስ ብትሆኚ! ደግሞ ለዶሮዎችሽ ከሆነ አልሸጥልሽም።»

«ወላሂ ለራሴ ነው። በይ ቀንሺ።»

በሩ ላይ ቆመው ረዥም ጊዜ ተከራከሩ፤ የጎረቤት ሰው ሁሉ ወጥቶ እስኪያይ። አክስቴ ለመነች፣ ተቆጣች፣ ሦስት ጊዜ ትታ ሄደች፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። እትዬ የሺ ምንም አልቀነሱላትም።